ስለ ቤት ወጪ ልክና ስለ ወር አስቤዛ

ቤት የሚቆመው በሚገባው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሚወጣውም ልክ ነው እንጂ። ገቢው ሰፊ ሆኖ ወጪው ልክ ያጣ ቤት እንደ ቀዳዳ እንስራ ነው፤ ምንጩ ቅርብ ቢሆን እንኳ ሲቀዳበት ውሎ ባዶውን ያድራል። ገቢው ጥቂት ሆኖ ወጪው በልክ የታሰረ ቤት ግን ያችው ጥቂቷ እስከ ወሩ ፍጻሜ ታደርሰዋለች። ስለዚህ የወር አስቤዛን በልክ መያዝ የገበያ ሒሳብ ብቻ ነው፥ ወይም የቤት እመቤት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማቃለል አይገባም። ልክ ያጣ ቤት ዕዳ ይገባል፤ ዕዳ የገባ ቤት ሰላሙን ያጣል፤ ሰላሙን ያጣ ቤትም ጾሙንና ጸሎቱን በቅን ልብ ለመፈጸም ይቸገራል። ነገሩ ነፍስንም የሚነካ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ልክ ደጋግመው ያስተምሩናል። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት መድኅን ያደረጋቸው ከምርቱ አምስተኛውን እጅ በየከተማው ጎተራ በማስቀመጥ ነበር (ዘፍ. 41)። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ መጠኑ በበሊተኛው ቍጥር ተወስኖ ነበር፤ ከልኩ አልፎ ለነገ ያሳደረው ሰው ተልቶ አገኘው፤ በዐርብ ቀን ግን የሰንበቱ ተጨምሮ እጥፍ ይለቀም ነበር (ዘፀ. 16)። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር በምሳሌ አስተምሯል (ሉቃ. 14)፤ አምስት ሺውን ሕዝብ ከመገበ በኋላም የተረፈው ቍርስራሽ በከንቱ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6)። ጥቂቱን እንጀራ ለማብዛት ሥልጣን ያለው ጌታ ፍርፋሪውን ካልናቀ፥ እኛ በድካም የምናገኘውን ልንንቀው እንዴት ይገባናል?

ከእነዚህ ሁሉ የመናው ነገር ለዛሬው ትምህርታችን የተለየ ፍቺ አለው። እግዚአብሔር ለዕለቱ የዕለቱን፥ ለበዓሉ ደግሞ በዋዜማው የሚዘጋጀውን ለየብቻ ወስኗል። በእኛም ቤት የወሩን ልክ የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የዕለት እንጀራ አይደለም፤ አስቀድሞ ያልታሰበለት በዓልና አስቀድሞ ያልታሰበለት የክረምት ወራት ነው። ይህንንም ለማሳየት በጣና ዳርቻ ያለውን ኑሮ ምሳሌ እናደርጋለን።

የእንፍራንዝ ምሳሌ

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ከአዲስ ዘመን በኋላ የምትገኝ ከተማ ናት። በአጠገቧ ባለው በጉዛራ ኮረብታ ላይ፥ ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የግንብ ቤተ መንግሥት ቆሞ ይታያል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር የድንኳን ሰፈር ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ረዥም ጊዜ ሲቀመጥ የአካባቢው እህልና ማገዶ ማለቁ ነበር። የንጉሥ ሰፈር ያለቀበትን ስፍራ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ ይችል ነበር። ተራው ባለ ቤት ግን ጎተራው ሲያልቅ የሚሄድበት ሌላ ሰፈር የለውም፤ ያለው አማራጭ አስቀድሞ መለካት ብቻ ነው።

በዚህ አገር ሦስት ዓይነት ቤት አለ። የመጀመሪያው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያፍሰው የገበሬ ቤት ነው። ሁለተኛው በወር አንድ ጊዜ የሚቀበለው የደመወዝተኛ ቤት ነው። ሦስተኛው በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚያገኘው የቀን ሠራተኛና የአነስተኛ ነጋዴ ቤት ነው። የካህናት ኑሮም ከእነዚህ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ቀረ፥ የገጠር ካህን ከሚያርሰው ማሳና ከሰበካው በሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ ይተዳደራል። እንግዲህ ሦስቱም ቤቶች ገቢያቸው ቢለያይም ጭንቀታቸው በአንድ ወራት ይገናኛል፤ ይኸውም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት የገበሬው ጎተራ ይጐድላል፤ በገበያም እህል ይወደዳል። ደመወዝተኛው በዓመት 12 ደመወዝ ተቀብሎ 13 ወር ይኖራል፤ የጳጉሜን ቀናት ደመወዝ የላቸውምና። ወዲያውም ዕንቍጣጣሽ ይደርሳል፤ መስቀል ይከተላል፤ የልጆች ደብተርና ልብስም በዚያው ሰሞን ይፈለጋል።

ዕዳ የሚጀመረው በዚህ ሰሞን ነው። በሐምሌ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ሦስት እጅ፥ በጥር ግን ሁለት እጅ ነው እንበል። በሐምሌ አንድ ኩንታል ለመግዛት የተበደረ ገበሬ ዕዳውን በጥር ሲከፍል አንድ ኩንታል ተኩል መሸጥ ይገደዳል፤ ይህም ወለድ ሳይጨመርበት ነው። አራጣ ከተጨመረበትማ የሚቀረው እህል ለሚቀጥለው ክረምት ስለማይደርስ ሰውዬው እንደ ገና ይበደራል። እንዲህ ሲል ሲል ቤቱ ለራሱ ማረሱ ቀርቶ ለአበዳሪው የሚያርስ ይሆናል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው በሐምሌ የሚደረግ ቍጠባ አይደለም፤ በጥር የሚደረግ ልኬታ ነው።

ዓመቱን ሳያዩ ወሩን መወሰን አይቻልም

ስለዚህ የወር አስቤዛ የሚወሰነው ከዓመቱ ተነሥቶ ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት በወር 50 ኪሎ ጤፍ ይፈጃል እንበል። በ12 ወር 6 ኩንታል ይሆናል። ለ5ቱ የጳጉሜን ቀናት ደግሞ 8 ኪሎ ከሲሶ ይጨመራል፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን ጥቂት ይበልጣል። በዚህ ላይ ለእንግዳና ለነዳይ የሚሆነው፥ ለበዓል የሚጋገረው ይታከልበታል። ይህን ያሰበ ገበሬ በጥር ወደ ገበያ ምን ያህል ይዞ መውጣት እንደሚገባውና ምን ያህሉን መንካት እንደማይገባው ያውቃል። ደመወዝተኛውም እህል በረከሰበት ወራት፥ ቢቻለው ለብቻው፥ ባይቻለው ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ቢገዛ፥ በክረምት በጣሳ እየለካ ከሚገዛበት ዋጋ ይድናል። ጤፍ በቅንጣቱ ደቃቅነት የተነሣ ነቀዝ የማይደፍረው ስለ ሆነ ለማስቀመጥ የተመቸ ነው፤ ሽምብራና ሌላው ጥራጥሬ ግን ነቀዝ ስለሚበላው ብዙ ጥንቃቄ ይሻል።

የጣና ዳር ሰው ሌላም ምርጫ አለው። በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሩዝ እርሻ ተስፋፍቷል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። በአካባቢው ሩዝን ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ መጋገር የተለመደ ሆኗል። ጤፍ በተወደደ ጊዜ እንዲህ ደባልቆ መጋገር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረውስ ንጹሕ ጤፍ በዱቤ በልቶ ባለ ሱቁን በሌላ መንገድ መሸሽ ነው።

ነገር ግን ርካሽ ሁሉ ትርፍ አይደለም። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ ይዘራል፤ ድርቅንም ረግረግንም የሚችል፥ ዋጋውም የሚቀል ስለ ሆነ በችግር ጊዜ የድኻ መጠጊያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጓያን ለወራት ዋነኛ ምግብ አድርጎ መብላት እግርን የሚያሽመደምድ፥ መዳኛ የሌለው በሽታ እንደሚያመጣ በሕክምና ታውቋል፤ በዚሁ አካባቢም ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ መጐዳታቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል። ወጪን ለመቀነስ ብሎ የልጆቹን እግር የሚያሳጣ ቍጠባ ቍጠባ አይባልም። እንደዚሁም የሕፃናት ወተትና እንቍላል፥ የነፍሰ ጡርና የበሽተኛ ምግብ ከሁሉ በኋላ የሚቀነስ እንጂ ከሁሉ በፊት የሚቀነስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናትንና ሕሙማንን በጾም ሸክም አታስጨንቅም፤ የቤት ሒሳብ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ጨካኝ ሊሆን አይገባውም።

ከጾም የሚተርፈው የማን ነው?

የዘመን መቍጠሪያችን ለሚያስተውለው ሰው ራሱ የወጪ መዝገብ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን እህሉ በሚሰበሰብበት ወራት ይውላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ሐዋርያት እንደ ትንሣኤው መዋያ ይረዝማል ያጥራል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን፥ ነነዌም 3 ቀን ነው። ከበዓለ ኀምሳ ወራት በቀር ረቡዕና ዐርብ በየሳምንቱ ይጾማሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ከዓመቱ እኩሌታ የሚደርሰውን ቀን ምእመናን ያለ ሥጋ፥ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ያሳልፉታል። እንግዲህ በእነዚህ ቀናት ከማዕድ የሚቀረው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ሳናየው ያልፋል።

የሚያልፍበትም መንገድ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ሥጋው ቀርቶ በልዩ ልዩ ወጥና በብዙ ዘይት የተሞላ የጾም ማዕድ ሲዘጋጅ ጾሙ ከፍስኩ የበለጠ ወጪ ያስወጣል። ሁለተኛ፥ በጾሙ የዳነው ሁሉ በፍቺው ዕለት በአንድ ቀን ያልቃል። ሦስተኛ፥ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዐርብ እንኳ ስለማይጾሙ እጅ ይለቃል፤ ክረምቱም በዚያው ይደርሳል።

የቀደሙት አባቶች ግን ይህን ገንዘብ ባለቤት ሰጥተውታል። ሄርማስ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከጽርእ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን ገዳም ተጠብቆ የኖረ ነው፤ ግእዙም በ1860 እ.ኤ.አ. በአንቷን ዳባዲ አማካይነት ታትሟል። በዚህ መጽሐፍ የጾም ምሳሌ ውስጥ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ተምሯል። እነሆ ይህ ከሺህ ስምንት መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ የቤት ሒሳብ ነው። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ካስተማረ በኋላ ወዲያው በ16ኛው ስለ ምጽዋት ማስተማሩ ሁለቱ የማይለያዩ መሆናቸውን ያስገነዝባል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ ከመቍረስ ጋር መሆኑን አስታውቋል (ኢሳ. 58)።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ፤ ሳንመልስለት ልናልፍ አይገባም። «እኔ ችግረኛ ነኝ፤ በፍስክም ሥጋ አልበላ፥ በጾምም የሚተርፈኝ የለ፤ ታዲያ ምን ልቍጠር?» የሚል ምእመን ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ከሽሮና ከእንጀራ በቀር ለማያውቅ ቤት ጾም ገንዘብ አያተርፍም፤ ለእንዲህ ያለው ቤት ልክ ያዝ ብሎ መስበክ ብቻውን የተራበውን መገሠጽ ይሆናል። እርሱ በዚህ ሥርዐት ሰጪ አይደለም፥ ተቀባይ ነው። ስለዚህም የባለ ጸጋው ቤት ሒሳብ በትክክል መያዝ የድኻው ቤት ጉዳይ ነው፤ ያልተቈጠረው የጾም ትርፍ የጎረቤት ራት ነበርና። በሰበካው ውስጥ በክረምት ጭስ የማይወጣባቸውን ቤቶች የሚያውቅ ካህን የንስሐ ልጆቹን ስለ ጾም ሲያስተምር የጾሙን ትርፍ ወዴት እንዲያደርሱም ቢያመለክታቸው መልካም ነው።

የሚተርፈው ቤት ግን ከጾም የዳነውን በሦስት ቢከፍለው ይበጃል። የመጀመሪያው ክፍል የችግረኛው ነው፤ ይህም ከወሩ መጨረሻ የሚጠበቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው የሚለይ ይሁን። ሁለተኛው ለክረምቱና ለጳጉሜን የሚቀመጥ ነው። ሦስተኛው ለሚመጣው በዓል ነው፤ በዓልን በደስታ ማክበር የተገባ ነውና።

ስለ በዓልና ስለ ድግስ

በዓል የሚቀድሰን በቅዳሴውና በፍቅሩ እንጂ በበሬው ክብደት አይደለም። ቅርጫ ገብቶ ከጎረቤት ጋር መካፈል አባቶቻችን ያቈዩልን ጥሩ ልማድ ነው፤ ወጪን ያቀላል፥ ሰውንም ያቀራርባል። የጽዋ ማኅበርም በራሱ ሥርዐት ያለው ነው፤ 12 ማኅበርተኞች ያሉት ማኅበር ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ተራው በየትኛው ወር እንደሚውል ከዓመት በፊት የታወቀ ሲሆን፥ በዋዜማው ገንዘብ ፍለጋ መሮጥ የሰነፍ ሥራ ነው። ማኅበርተኞችም የዳቦውንና የጠላውን ልክ በአንድ ቃል ቢወስኑ የድኻው ማኅበርተኛ እንደ ባለ ጸጋው ለመሆን ሲል ከመበደር ይድናል።

ተዝካርም እንዲሁ ነው። ለሞተው ሰው የሚጠቅመው ጸሎቱ፥ ቍርባኑና ለድኾች የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ለሙታን ተብሎ በተደገሰ ድግስ ሕያዋን ልጆች በሬያቸውን ሸጠው ቢቀሩ፥ ይህን ክብር ብሎ ማን ይጠራዋል? ካህናት በዚህ ነገር ቀድመው ልክን ቢያስተምሩ፥ ትንሽ የደገሰውንም ባያሳንሱት፥ ብዙ ቤት ከዕዳ ይድናል።

የአሠራሩ ሥርዐት

ይህን ሁሉ በሥራ ለመግለጥ የሚከተለው መንገድ ለማናቸውም ቤት የሚቻል ነው።

አንደኛ፥ ባልና ሚስት በወሩ መጀመሪያ አብረው ተቀምጠው ይወስኑ። ባል ገቢውን ደብቆ ሚስት ወጪውን ብቻ እንድትመልስ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። የባልትናው ዕውቀት የእርሷ ስለ ሆነ ምን ያህል በርበሬ፥ ምን ያህል ሽሮ፥ ምን ያህል ዘይት እንደሚያደርስ ቃሏ ይሰማ።

ሁለተኛ፥ የሚጻፈው በሁለት ዐምድ ይሁን፤ በአንዱ መጠኑ፥ በሌላው ዋጋው። ገንዘቡን ብቻ የሚጽፍ ሰው ወጪው ሲበዛ ምክንያቱን አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ዘመን የዘይቱ ብር ቢጨምር ቤተ ሰቡ አብዝቶ በላ ማለት አይደለም። መጠኑ ከተጻፈ ግን ዋጋ እንደ ጨመረ ወይም ብክነት እንደ ገባ ይለያል፤ ያለ በደልም በቤት ውስጥ ጠብ አይነሣም።

ሦስተኛ፥ ከገቢው አስቀድሞ የእግዚአብሔርና የድኻው ድርሻ ይለይ፤ ቀጥሎ እህሉ፥ ቀጥሎ ጥራጥሬው፥ ጨውና ዘይቱ፥ ከዚያ በኋላ ሌላው ይሁን። የበዓሉና የክረምቱ ጥቂት ጥቂት በየወሩ ለብቻው ይቀመጥ። እቍብ ያለው ሰው ዕጣው የሚደርስበትን ወር ለዚህ ቢያስበው መልካም ነው።

አራተኛ፥ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የሚገዛውን ጽፎ ይሂድ፤ ያልተጻፈው ለሚቀጥለው ገበያ ይደር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ በየጊዜው መዘጋቱን ሁላችን አይተናል፤ ስለዚህ ጨውና ዘይትን የመሰለ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ጥቂት አስቀድሞ መያዝ ጥንቃቄ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ አከማችቶ ዋጋ ሲንር መሸጥ ግን በጎረቤት ረኃብ መነገድ ስለ ሆነ ክርስቲያን ይራቀው።

አምስተኛ፥ ዱቤ የማይቀር ቢሆን በባለ ሱቁ ደብተር የሚጻፈው በቤትም ይጻፍ። የዱቤው ልክ በሚቀጥለው ገቢ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ይሁን።

ስድስተኛ፥ በወሩ ፍጻሜ ሒሳቡ ይታይ። ልኩ ታልፎ እንደ ሆነ የሚቀነሰው ከራስ አምሮት ይሁን እንጂ ከሕፃኑ ወተትና ከነዳዩ ቍራሽ አይሁን። አንድ ወር ቢሳሳት ሥርዐቱን ሁሉ መተው አይገባም፤ ጾምን አንድ ቀን ያፈረሰ ሰው ዓመቱን ሁሉ ሊበላ አይገባውምና።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ልክን መያዝ ስስት አይደለም። ስስታም ሰው የሚለካው ለራሱ ሊያከማች ነው፤ አማኝ ግን የሚለካው ለሁሉ እንዲዳረስ ነው። በጥር የለካ በሐምሌ አይለምንም፤ በጾሙ የቈጠረ በፍስኩ ያካፍላል፤ ዕዳ የሌለበትም ሰው በቤተ መቅደስ ሲቆም ልቡ ከአበዳሪው ደጅ አይሄድም። የሰራፕታዪቱ መበለት ከእፍኝ ዱቄቷ ለነቢዩ ኤልያስ አስቀድማ ብትጋግር ማድጋዋ አልጐደለም (1ኛ ነገ. 17)። በእኛም ቤት የሚገባው ጥቂቱ በልክ ተይዞ፥ በረከቱ ለጎረቤት ተርፎ፥ ዓመቱን በሰላም እንዲያደርሰን የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።